የሁለቴ ሂሳብ

መምህርት ሆይ፣ ቅጹ ደርሶኛል፤ ሰባት ጥያቄ፣ ባዶ መስመር፤
«ከሥራሽ ምን ተማርሽ?» ይላል። ከየት ልጀምር?

ከመጽሔቱ ልነሳ። ሃያ ገጽ ነው፣ ሽፋኑን ጨምሮ፣
አራት ኪሎ፣ አንድ ምድር ቤት የታተመ፣ በዱቤ፣ በስንት እሮሮ፤
ቀዩ ቀለም ጡብ መስሎ ወጣ። «ማሽኑ ነው» አለ አታሚው፤
እኔም «ማሽኑ ነው» ብዬ ዋጥኩት፤ ማን ይጠየቅ ሌላው?

ሽፋኑ ላይ ያለችው ታናሽ እህቴ ማኅሌት ናት፤
ጃኬቱ የጎረቤት ነው፣ ሁለት ቁጥር ይሰፋታል፣
ከጀርባዋ በአምስት የልብስ መቆንጠጫ ሰብስቤ ያዝኩላት።
ከፊት ሲያዩዋት ሞዴል፣ ዞር ብትል የተሰጣ ልብስ፤
«አትዙሪ» አልኳት ደጋግሜ፣ «አትዙሪ፣ እስክጨርስ።»
ሽፋን ማለት ይኸው ነው፤ ቃሉ ራሱ ሲናገር
ስንት ዓመት ሳልሰማው ኖሬ፣ ገባኝ ያን ቀን ከካሜራው ሥር።

ስሙን «ድምፅ» አልነው፤ ሽፋኑ ላይ በፀሐዩ «ፀ» ጻፍነው፣
ውስጡ ገብተው ሲያነቡት ግን በጸሎቱ «ጸ» ነው።
እርስዎ በቀይ አክብበው «የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ፤
ሁለቱም ነው፣ መምህርት፤ አንዱ ለፀሐይ፣ አይተው ለሚያልፉ፣ ለሚስቁ፣
አንዱ ለብቻ፣ ለውስጥ፣ በሹክሹክታ ለሚነገር…
ውሸቴን ነው። ስህተት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር።

ቪዲዮው ግን ሌላ ነው።

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ የእንጨት ደረጃ ያለበት ጓሮ፣
ዮፍታሔ ከንፈሩን ሊያንቀሳቅስ፣ ዘፈኑ ቀድሞ ተቀርጾ ኖሮ፤
ድምፅ ማጉያው ባትሪ ጨርሶ ገና በሦስተኛው ዝም አለ፣
ልጁም ያለ ዘፈን፣ በባዶው፣ አፉን ሲከፍት ዋለ።

አንድ ሰውዬ ነበሩ፣ ደረጃው ሥር፣ ጥግ ይዘው፣
የሰው መመዘኛ ሚዛን ካርቶን ላይ አኑረው፤
«ፍሬም ውስጥ ገቡብን፣ አባባ፣ ፈቀቅ ቢሉልን» ብንል፣
«እኔ እዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ የገባው የእናንተ ዕቃ አይደል?»
መቶ ብር ሰጥተን አስነሳናቸው።
እረፍት ስንወጣ መልሰው ዘረጉት፣
ዮፍታሔ ጫማውን አውልቆ ወጣ፤ መርፌው ተንቀጥቅጦ ቆመ፤ ሃምሳ አንድ።
«እናትህ ያውቃሉ?» አሉት። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።
ካሜራውን ማጥፋት ረስቼ፣ አርባ ሰከንድ ይዞታል።

«አዘጋጅ ቆራጥ ይሁን» ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤
ቆራጥ ሆንኩ፣ መምህርት። ቆረጥኩት።
ከምቱ ጋር አይሄድም አልኩ።

ከወር ተኩል በኋላ ተመለስኩ፣ አንድ ሾት ጎድሎኝ፤
ደረጃው የለም፣ ጓሮው የለም፣ አረንጓዴ ቆርቆሮ ተቀበለኝ።
እኔ አነሳሁ ያልኩትን ሁሉ እነሱም መጥተው አነሱት፤
እኔ በካሜራ፣ እነሱ በገልባጭ መኪና፤ አንድ ቃል፣ ሁለት ጉልበት።

ሰውዬውን ቸርችል ቁልቁለት፣ ፖስታ ቤቱ አጠገብ አገኘኋቸው፤
ያው ሚዛን፣ ያው ካርቶን፤ እኔን ግን ረስተውኛል ዓይኖቻቸው።
መጽሔቱን ሰጠኋቸው፤ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ደረጃው አለ፣ እሳቸው የሉም፤
ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ጥሩ ወረቀት ነው» አሉ፤ ሌላ ምንም።

ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፣ መጽሔቱን ደረቴ ላይ አቅፌ፤ አርባ ዘጠኝ።
ወረድኩ፤ ካርቶኑ ላይ አስቀመጥኩት፤ ደግሜ ወጣሁ፤ አርባ ዘጠኝ።
የአራት ወር እንቅልፍ፣ የአታሚው ዕዳ፣ ያ ሁሉ መቆንጠጫ
መርፌዋን ንቅንቅ አላደረጋትም።

ስለዚህ፣ መምህርት፣ ለሰባተኛው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፤
አርባ ሰከንዱን መልሼ አስገብቻለሁ፤ ምቱን ይሰብረዋል፣ ይስበረው።
ነጥብ ከቀነሱ ይቀንሱ።

አንድ ነገር ረስቼ፦
ልሄድ ስል አሥር ብር ዘረጋሁላቸው፤
አዩት፤ አልተቀበሉም።
«ሁለቴ ነው የወጣሽው» አሉኝ፣
«የሁለቴ ክፈይ።»
ከፈልኩ።